ሁሉንም ባታሸንፉስ?

ስለ ምርጫ 97 ሲወራ አብዛኛው ሰው ከግድያውና ከእስሩ ይጀምራል። ይገባኛል፣ ቁስሉ እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከክርክሩ ልጀምር። ልናገረው የፈለግኩት ስለ ፓርቲዎች ጥምረት ነው፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1997 በጋ ኢቲቪ የፓርቲዎቹን ክርክር በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። መንግሥት በራሱ ቴሌቪዥን ላይ እንደዚያ ፊት ለፊት ሲሞገት አይተን አናውቅም። በአንድ ወገን ገዢው ኢሕአዴግ፣ በሌላው ተቃዋሚዎቹ ቅንጅትና ኅብረት። የቅንጅቱ አቶ ልደቱ አያሌው መናገር ሲጀምሩ ሰፈሩ ጭር ይል ነበር። ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ለቅንጅት ኢኮኖሚውን ይተነትኑታል። ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ረጋ ብለው፣ ዶክተር መረራ ጉዲና ደግሞ ቀልድ ጣል እያደረጉ በኅብረት ስም ይከራከራሉ። የዶክተር መረራ ቀልድ በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ትደገማለች። አቶ በረከት ስምዖን ለኢሕአዴግ ይመልሳሉ።

ያኔ የምኖረው አክስቴ ጋ ነበር። አክስቴ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ፖለቲካን የምትሸሽ ሴት ናት። ቤቷ ውስጥ የፓርቲ ስም ከተነሳ «ተዉ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው» ትላለች። በዚያ በጋ ግን ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠርታ ክርክር ማየት ጀመረች።

አንድ ምሽት ርዕሱ መሬት ነበር። መሬት በመንግሥትና በሕዝብ እጅ ይቆይ ወይስ የግል ይሁን?

«ገበሬው መሬቱን ሸጦ ከተማ ቢገባ ምን ሊበላ ነው?» አለች አክስቴ። ይሄ የኢሕአዴግ መከራከሪያ ነበር።

«የማይሸጠው የማይለውጠው ከሆነ ታዲያ የሱ ነው ይባላል እንዴ፣ እትዬ?» አላት የጎረቤት ልጅ። ይሄ ደግሞ የቅንጅት።

አክስቴ ዝም አለች። ስኒውን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ «እሱም እውነት አለው» አለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎቹ አሁንም እየተከራከሩ ነው፤ እኛ ቤት ግን አንድ ሰው ያመነበትን ነገር መልሶ እያሰበ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ የምርጫ ሰሞን አልፏል። እንዲህ ያለ ዝምታ ግን ደግሜ አላየሁም። ምርጫ 97ን የምወደው ለዚህ ነው። እወደዋለሁ ስል ከልቤ ነው።

በዚያ ምርጫ ሁሉም ትልልቅ ተወዳዳሪዎች ስብስብ ነበሩ። አንድ ወጥ ፓርቲ አልነበሩም። ለምን ተሰባሰቡ ለሚለው መልሱ የምርጫ ሥርዓታችን ውስጥ አለ። አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፍላለች። በእያንዳንዱ ክልል ከሌሎቹ አንድ ድምፅ የበለጠ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ከመቶ 40 ድምፅ ያገኘ ሰው፣ 35 እና 25 ያገኙ ሁለት ተቃዋሚዎችን ይረታል። ሁለቱ ቢደመሩ 60 መሆናቸውን የሚጠይቅ የለም። ተበታትኖ የቀረበ ተቃዋሚ ገና ኮሮጆው ሳይከፈት ተሸንፏል ማለት ነው።

ቅንጅት ይሄን ሒሳብ የገባው ስብስብ ነበር። መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመና እና የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ሊግ በአንድ ምልክት፣ በሁለት ጣት ቀረቡ። ኅብረት ከሱ በፊት የተመሠረተ ሲሆን፣ ከኦሮሞና ከደቡብ የመጡ ጠንካራ ፓርቲዎችን ይዞ ነበር። ኢሕአዴግም ራሱ የአራት ድርጅቶች ግንባር ነው። ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድና ደኢሕዴን በንብ ምልክት ሥር።

ልዩነቱ ያለው ውስጣቸው ነው። ኢሕአዴግ ከምርጫ በፊት ብዙ ነገር ጨርሷል። ምክር ቤቱ 180 ሰው ነው፤ ከእያንዳንዱ ድርጅት 45። ማን ሊቀመንበር እንደሚሆን፣ ማን በየትኛው ክልል እንደሚወዳደር፣ ጠብ ሲነሳ የት እንደሚዳኝ ሁሉም ያውቃል። ፍትሐዊ ነበር ወይ? ሕዝቡ በቁጥር በጣም የሚለያይ አራት ድርጅት እኩል 45 ድምፅ መያዙ ኋላ ላይ ግንባሩን ራሱን በልቶታል። የሶማሌ፣ የአፋር፣ የቤኒሻንጉል፣ የጋምቤላና የሐረሪ ድርጅቶች ደግሞ «አጋር» ተብለው ከበር ውጭ ቆመዋል። ቢሆንም ደንቡ ተጽፎ ያለቀ ነበር።

ቅንጅት ከምርጫው በፊት የነበረው ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው። ኢሕአዴግን ማሸነፍ ላይ ተስማምተዋል። ስለ መሬት፣ ስለ ፌዴራሊዝሙ፣ የመገንጠል መብትን ስለሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 የተቀራረበ አቋም ይዘዋል። ከግንቦት 7 በኋላ ግን ማን ምን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ቀጠሮ የተያዘለት አይመስልም። በቂ ጊዜም አልነበራቸውም፤ ይሄን መካድ አይገባም።

ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላው። በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ጠራ። እኔ በሁለተኛው ቀን ነበርኩ። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው ማለቂያ አልነበረውም። ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ ሰላም መሆኑ፣ እርስ በርስ «አይዞህ፣ እለፍ» መባባሉ እስካሁን ይገርመኛል። እንደዚያ ዓይነት ጨዋነት ነበረን።

እሑድ ግንቦት 7 ገና ሳይነጋ ወጣን። የኛ የምርጫ ጣቢያ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ መንገድ ላይ ወጥቷል። አክስቴ በርጩማ ይዛ ነበር። ለራሷ ያመጣችውን አንዲት አሮጊት አስቀመጠችበት፣ ራሷ ቆማ ዋለች። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ወረቀት ነበር፤ አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። ከመከለያው ጀርባ ገብተህ ከምልክቱ አጠገብ ኤክስ ታደርጋለህ ወይም በጣት አሻራህ ትፈርማለህ፣ አጥፈህ ኮሮጆ ውስጥ ትከታለህ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዳንድ ጣቢያ ላይ እስከ ሌሊት ድረስ ድምፅ ሲሰጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሰዉ ተመልሶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተኮለኮለ። የጣቢያው ውጤት ተለጥፏል። በእስክሪብቶ የተሞላ ቅጽ ነው፤ ከሥሩ የአስመራጮቹና የታዛቢዎቹ ፊርማ። አንዱ ቁጥር ተሰርዞ ከጎኑ እንደገና ተጽፏል፣ እሱም ላይ ተፈርሟል። ፊት የቆመ ሰውዬ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከኋላ ያለው ይቀበለዋል። የሰጠሁት ድምፅ ቁጥር ሆኖ፣ ፊርማ አርፎበት ግድግዳ ላይ ሳየው የተሰማኝን በምን ቃል ልግለጸው። ዜጋ መሆን በእጅ የሚነካ ነገር መሰለኝ።

አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ቅንጅት ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ኢሕአዴግን የመረጠ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ነበር፣ የኛ ሰፈር ወረቀት ላይም ነበር። የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ግን ሁለተኛ ለወጣ ወንበር የለውም። ያኔ በከተማዋ ለቅንጅት ያዳላው ሒሳብ፣ በሌላ ጊዜ በሌላ ቦታ ለኢሕአዴግ ሲያዳላ አይተናል። የሥርዓቱን ጥቅም ስናገኝ ዝም፣ ጉዳቱ ሲደርስብን ጩኸት ያምረናል። እኔ በበኩሌ ድምፅ በተመጣጠነ መንገድ ወደ ወንበር የሚለወጥበት ሥርዓት ቢኖረን ኖሮ ብዙ ነገር ይለዝብ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይከብዳል። በምርጫው ዕለት ማታ፣ ቆጠራው ሳያልቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍን ለአንድ ወር ከለከሉ፤ የከተማዋን የጸጥታ ኃይልም በቀጥታ በሥራቸው አደረጉ። ሰኔ 1 ቀን ጥይት ተተኮሰ። በበርካታ የምርጫ ክልሎች ምርጫው ተደገመ። ሶማሌ ክልል በነሐሴ መረጠ። የመጨረሻው ይፋ ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 የሚል ነበር። ቅንጅት ውጤቱን አልተቀበለም፤ ተዘርፈናል አለ። በጥቅምት 1998 እንደገና ደም ፈሰሰ። ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ ብሎ መዝግቦታል።

እነዚህ ሰዎች የሞቱት የፖለቲካ ድርጅቶች ስላልተስማሙ ነው ብዬ አላለዝበውም። የተኮሰ መንግሥት ነው፤ ኃላፊነቱም የሱ ነው። ዋና ከተማውን በምርጫ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ኢሕአዴግ አስቦበት አያውቅም ነበር። የሥልጣን ዘመኑ ያለቀው ፓርላማ ከመበተኑ በፊት የምክር ቤቱን ደንብ ቀይሮ፣ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የአባላት ድጋፍ እንዲጠየቅ አድርጓል። ይሄ የሚገባው ተቃዋሚ አፉን ይዞ እንዲቀመጥ ነበር።

ግን የተቃዋሚውንም ጎን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የኔ ድምፅ ያለው እዚያ ነበር።

ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ? በ1998 መግቢያ አገሩ የሚያወራው ይሄን ብቻ ነበር። የኅብረት ተመራጮች አብዛኞቹ ገቡ። ቅንጅት ስምንት ነጥብ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ቀረ። አትግቡ የሚለው ወገን ክርክር ቀላል አልነበረም። «የተሰረቀ ውጤትን ማጽደቅ ነው። ልጆቻችን የሞቱት ለ109 ወንበር አይደለም» ይላል። በደንቡ ለውጥ ምክንያትም ገብቶ መናገር ራሱ አጠራጣሪ ነበር። እኛ ቤት ውስጥም ሁለት ወገን ነበርን። አክስቴ ግን አንድ ቃል አላት፣ ከሱ አትወጣም። «እኔ እንዲገቡልኝ ነው የመረጥኳቸው። ወንበሩ ባዶ እንዲሆንማ ቢሆን ቤቴ በተኛሁ።»

እኔም በአክስቴ እስማማለሁ። ከዓመት ዓመት ይበልጥ እየተስማማሁ መጥቻለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ አዲስ አበባ ነው። ለከንቲባነት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ተመርጠው ነበር። ከተማዋን ተረክቦ ማስተዳደር፣ ውኃና ቤትና ትምህርት ቤት ላይ ሠርቶ ማሳየት፣ ለአምስት ዓመት በየቀኑ መታየት ነበር። መንግሥት በቀላሉ ያስረክባል ነበር አልልም። ግን አልተሞከረም። በ1998 ግንቦት ከተማዋ ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። በ2000 በተደረገው የከተማና የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደ። ያን ሁሉ ሰልፍ የቆመች ከተማ በመረጠችው ምክር ቤት አንድም ቀን ሳትተዳደር ቀረች።

ጥያቄው ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ ብቻ አይደለም። ማን ነው የሚወስነው የሚለውም አልተፈታም። አራቱ ፓርቲዎች ተዋህደው አንድ ፓርቲ ለመሆን ሲነሱ የኢዴአፓ-መድኅን ነገር አልቋጭ አለ። ማኅተም ይሰጥ አይሰጥ፣ ጉባኤ ጠርቶ ይወሰን አይወሰን በሚል ጭቅጭቅ ጋዜጣው ሁሉ ሞላ። አገር ምድሩ ማኅተም ማኅተም ይል ነበር። ፓርቲ በሕግ የሚታወቀው በማኅተሙና በምዝገባው ስለሆነ ነገሩ ትንሽ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ግን ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ ከመውጣት በፊት ጠረጴዛ ላይ መቅረብ ነበረበት።

የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ የዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። ሲወጡ የጠበቃቸው ሕዝብ ደስታ ልዩ ነበር። ወራት ሳይቆይ የሊቀመንበሩ የኢንጂነር ኃይሉ ሻውልና የምክትላቸው የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ወገን ተብለው ተለያዩ። ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለሦስተኛ ወገን፣ ለአቶ አየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠው። ወይዘሪት ብርቱካን አንድነት የሚባል ሌላ ፓርቲ አቋቋሙ። ሚሊዮኖች የመረጡት ስም በወረቀት ሌላ ሰው ጋ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው የተቃዋሚዎች ጥምረት መድረክ ነው። በ2002 ምርጫ መድረክ ያገኘው አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ አቶ ግርማ ሰይፉ። በ2007 ደግሞ አንድም። ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ብዙ አስባለሁ። ሁሉንም ወንበር ያሸነፈ ግንባር ምን ገጠመው? ግንቦት ላይ ተመርጦ፣ በኅዳር 2008 ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ። በ2009 መስከረም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። መጋቢት 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ይሁን የሚለው የተወሰነው በዚያው በ180 ሰው ምክር ቤት ውስጥ ነው። ሕዝቡ በቴሌቪዥን ውጤቱን ይጠብቃል። አስቡት፤ ፓርላማው ውስጥ አንድም ተቃዋሚ የለም፣ እውነተኛው ምርጫ ግን ግንባሩ ውስጥ በዝግ በር እየተካሄደ ነው። ፓርላማ ውስጥ መነገር የነበረበት ቅሬታ መንገድ ላይ ወጣ። በ2012 ግንባሩ ከሰመ፤ ሦስቱ ከአጋሮቹ ጋር ብልጽግና ሆኑ፣ ሕወሓት አልገባም አለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጦርነት እዚህ አልዘረዝርም፤ በአንድ አንቀጽ የሚነገር አይደለም። ነገር ግን ጥምረት ሲፈርስ እንዴት ነው የሚፈርሰው የሚለው ጥያቄ የአገር ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ጎረቤታችን ኬንያ በሌላ መንገድ ተምራበታለች። እዚያ በታኅሣሥ 1995 ናርክ የሚባል ጥምረት ለአራት አሥርት ዓመታት ገደማ የገዛውን ካኑ የተባለ ፓርቲ በምርጫ ረታ። ናይሮቢ በደስታ ሰከረች። ጥምረቱ ግን ሥልጣን እንዴት እንደሚካፈል የተፈራረመበት ስምምነት አልተከበረም በሚል በምዋይ ኪባኪና በራይላ ኦዲንጋ ወገኖች መካከል ተሰነጠቀ። በ1998 ኅዳር በሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ላይ ሁለቱ ተቃራኒ ጎራ ይዘው ቆሙ። በ2000 ምርጫ ማግስት የሆነውን ደም መፋሰስ ዓለም አይቶታል። እነሱ አሸንፈው ነው የተሰነጠቁት፣ የኛዎቹ ሳያሸንፉ። ሁለቱም ጋ የጎደለው ግን ሁሉም የሚገዛበት ውል ነው።

ስለዚህ አሁን ፓርቲዎች «ተጣምረናል» ብለው መግለጫ ሲሰጡ፣ ተቃቅፈው ፎቶ ሲነሱ፣ ደስ ይለኛል። በእውነት ደስ ይለኛል፤ ብቻውን የሚወዳደር ትንሽ ፓርቲ በዚህ ሥርዓት ምንም እንደማያመጣ አውቃለሁ። ግን መግለጫውን እስከ ታች ድረስ አነባለሁ። እጩ በየትኛው ክልል ማን እንደሚያቀርብ ተስማምተዋል? አንዱ ፓርቲ ልውጣ ቢል ተመራጮቹ የማን ናቸው? ከሁሉም በፊት ደግሞ፣ ከ547 ውስጥ 60 ወይም 100 ወንበር ቢያገኙ ምን ሊያደርጉ ነው?

በ2013 ምርጫ ሰሞን ሁለት ወጣት ቀስቃሾች ሰፈራችን መጥተው በራሪ ወረቀት ሲሰጡ ይሄንኑ ጠየቅኳቸው። ልጅቷ «እኛ የምንሠራው ለማሸነፍ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። እሺ፣ ሁሉንም ባታሸንፉስ? አልኳት። ጓደኛዋን አየችው። እሱ ጥቂት አሰበና «ከገባን አሥርም ብንሆን እንገባለን። እኔ በግሌ እንደዚያ ነው የማምነው። በድርጅት ደረጃ ግን አልተነጋገርንበትም» አለ። አልዋሸኝም፤ ለዚህ አከበርኩት። ቢሮ ስትመለሱ አንሱት፣ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት አንሱት አልኳቸው። ልጅቷ የስብሰባቸውን ቀን ነገረችኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ለሕዝብ ክፍት ነው አለችኝ። ሄጄ ጥያቄውን ራሴ አነሳሁት። መድረክ ላይ የነበሩት ሰውዬ መጀመሪያ «ጊዜው አይደለም» ብለው ሊያልፉት ነበር፤ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት እናቶች «ይመለስ እንጂ!» ሲሉ ተመልሰው ማይኩን ያዙ።